የሳሙና ፏፏቴ

በቀደም ሐይቅ ከተማ ወርጄ ከመናኸሪያው ወደ አክስቴ ቤት ስሄድ፣ አንድ ባለሱቅ በሩ ላይ የልብስ ሳሙና ካርቶን ይከፍት ነበር። ካርቶኑ ሲቀደድ ያ ሽታ ወጣ። ሌላ ሰው ሳሙና ሲሸተው የታጠበ ልብስ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን ትዝ የሚለኝ ፏፏቴ ነው። ባጃጅ ከኋላዬ ጡሩንባውን እየነፋብኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቁ "ምን ልስጥሽ እህቴ?" ቢለኝ፣ ሐሳቤ ሩቅ ሄዶ ኖሮ "ጥቁር አለህ?" አልኩት። "ጥቁር ሳሙና ደግሞ ምን ያደርግልሻል?" ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መልሱ ረጅም ነው። በር ላይ ቆመው የሚያወሩት አይደለም።

እኛ የአምባሰል ሰዎች ነን። ቤታችን ከውጫሌ ወደ ላይ፣ መኪና ከሚቆምበት አልፎ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው። ከመንደራችን ፊት ለፊት ገደል አለ፤ ክረምት ሲገባ ከገደሉ አናት ውሃ ይወርዳል። ከሩቅ ሲያዩት ገደሉ ነጭ ሻሽ ያሰረ ስለሚመስል ስሙም ሻሽ ነው። በጋ ላይ ይደርቃል፣ ሰኔ ላይ ይመለሳል። ለኛ ግን ሻሽ ዓይን ማሳረፊያ ብቻ አልነበረም። ከገደሉ ወገብ ላይ ወጣ ያለ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ አፍንጫው እንለዋለን። ውሃው ሲበረታ አፍንጫውን ይሸፍነዋል። ሲቀንስ አፍንጫው ብቅ ይልና ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል። ታች መሻገሪያው ላይ የደረሰ ሰው እግሩን ከማስገባቱ በፊት ቀና ብሎ ያን ያያል። አፍንጫው ከወጣ ይሻገራል። ካልወጣ አህያውን አዙሮ ይመለሳል። የቸኮለም፣ ገበያ የሚያመልጠውም፣ ሙሽራ የሚያጅበውም ያው ነው።

ይህን ሕግ ያጸኑት አያቴ አባባ ይመር ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን ታናሽ ወንድማቸው አፍንጫው ሳይወጣ ገብቶ ወንዙ ወስዶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ መሻገሪያው ዳር ካለችው ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ፤ እሳቸው "ዛሬ አይሆንም" ካሉ የሚከራከራቸው የለም። በኋላ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው እንኳ መቀመጡን አልተዉም። "አፍንጫው ወጥቷል ወይ?" ብለው ባጠገባቸው የተገኘን ልጅ ይጠይቃሉ፣ ልጁ ያየውን ይናገራል፣ እሳቸው ይፈርዳሉ። ብዙ ጊዜ ያ ልጅ እኔ ነበርኩ።

የማወራላችሁ ክረምት አራተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ነው። የዓይን ሐኪሞች ደሴ እንደሚመጡና ቀኑ በስልክ እንደሚነገር ተሰማ። አባባ ይመር ሐይቅ ከተማ፣ ከትልቋ ልጃቸው ከአክስቴ ዘይነባ ዘንድ ወርደው እንዲጠብቁ ተወሰነ፤ እኔም የበትራቸውን ጫፍ ይዤ እንድመራቸው ተላክሁ። እናቴ ፋጡማ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከኔ በኋላ የተወለደው ወንድሜ እቤት ተወልዶ አልተረፈም፤ እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነበር። የጤና ሠራተኛዋ ይህኛውን እቤት እንዳትወልጂ ብላ አስጠንቅቃታለች። ስለዚህ አረሙን አስጨርሳ ትከተለናለች፣ ሐይቅ ጤና ጣቢያ እህቷ አጠገብ ትወልዳለች፤ ነገሩ ያለቀ ነበር። ስንሻገር አፍንጫው ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። እናቴ ከማዶ ቆማ ሻርፗን አውለበለበችልኝ። እኔም የተሸከምኩትን ጫማዬን አውለበለብኩላት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ መጣና አልሄድ አለ።

አባቴ ጁምዓ ከሰገደ በኋላ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቶ ይደውላል። አክስቴ ስልኩን ከፍ አድርጋ ታናግረዋለች፣ ሰላምታው ይረዝማል፣ መጨረሻ ላይ የምንጠብቃት አንዲት ቃል ትመጣለች። "አፍንጫው አልወጣም።" በየጁምዓው ያችው ናት። አባባ "አልሐምዱሊላህ፣ ትጠብቅ" ይሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ። አክስቴ ወሩን በጣቷ መቁጠር ትጀምርና እኔን ስታይ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ትከታለች።

እኔ ደግሞ የራሴ ስሌት ነበረኝ። ሐይቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ክረምት ነው። ያን ሁሉ ውሃ ሳይ ከየት መጣ ብዬ አሰብኩና ከሻሽ ነው የመጣው አልኩ፤ ሌላ ምን ፏፏቴ አውቅ ነበር! እንግዲህ ሐይቁ ከሞላ ወንዛችን ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከአሳ አጥማጆቹ ጀልባ አጠገብ ሄጄ ውሃው ሣሩን ምን ያህል እንደዋጠ አያለሁ። ትንሽ ከፍ ካለ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ዝናብ ሲዘንብ ሁሉም ሰው "ያ ረቢ" ሲል እኔ ሐይቁ እየሞላልኝ ነው ብዬ እስቃለሁ። አክስቴ ይህች ልጅ ልቧ ደህና አይደለም ትል ነበር።

የአክስቴ ሱቅ አስፋልቱ ዳር ነው። በአንድ ወገን ሳሙና፣ ኦሞ፣ ሻማና ክብሪት ትሸጣለች፤ በሌላው ወገን ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ ወፍራም ኮምፒውተር አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኮፒ የሚያስነሳ ስለሚጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ለልጇ ለመኪያ ይቀራል። መኪያ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ክፉ አይደለችም፣ ግን ኮምፒውተሩን የሠራችው እሷ ትመስል ነበር። ማሽን ሊጠግን የመጣ አንድ ልጅ በፍላሽ አንድ ጌም ሰጥቷታል። በዚያ ጌም ውስጥ ሁሉ ነገር አራት ማዕዘን ነው። አፈሩ፣ ዛፉ፣ በጉ፣ ደመናው፣ ይቅር ይበለኝና ፀሐይዋ እንኳ። መሬቱን እየቆፈርሽ ትፈልጪዋለሽ፣ የቆፈርሽውን እየደረደርሽ ቤት ትሠሪያለሽ፣ ስትራቢ ታርሺያለሽ። ሲመሽ ደግሞ አረንጓዴ ሰዎች ከጨለማ ወጥተው ይገድሉሻል። መኪያ የሞቱ ሰዎች ናቸው ትላለች። እኔ ግን ጅን እንደሆኑ አላጣሁትም፤ በወጡ ቁጥር "ቢስሚላህ" እላለሁ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።

የመኪያ ችግር ጅኑ አልነበረም። ቤቷ ይጠፋባታል። ድንጋይ ፍለጋ ራቅ ብላ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ኮረብታው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ትዞራለች፣ ይመሻል፣ ትሞታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ይኸው ሆኖባት ጠረጴዛውን ስትመታ፣ "የናንተ አገር ሻሽ የለውም እንዴ?" አልኳት።

"የምን ሻሽ?"

ነገርኳት። እኛ ጋ ሰው ከሩቅ ሲመጣ፣ በጉም ቢሆን በማታ፣ ቀና ብሎ ሻሽን ይፈልጋል፤ ሻሽ በቀኝህ ከሆነ ወደ ቤት ነው፣ በግራህ ከሆነ ከቤት እየራቅህ ነው። መኪያ ትንሽ አሰበችና "እንሥራዋ" አለች።

ጌሙ ውስጥ ውሃ በባልዲ ይቀዳል። አንድ ባልዲ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ካፈሰስሽ ማቆሚያ የለውም፤ ሲወርድ ይውላል ሲወርድ ያድራል። መኪያ ከቤቷ አጠገብ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ኮረብታ አቆመች፣ አናቱ ላይ ውሃ አፈሰሰች። ውሃው ወረደና ታች ሲደርስ በየአቅጣጫው ተዘረጋ። ስንዴዋን ጠረገው፣ በር ላይ የሰካችውን ችቦ አጠፋው፣ በጎቹ ተንሳፈፉ። እኛም እየጮህን ባልዲ ይዘን ውሃውን ስናሳድድ አባባ ይመር ከአልጋቸው፣ "ምንድን ነው የሰጠመው?" አሉ።

አልጋቸው ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ስለሚውሉ መኖራቸውን እንረሳዋለን። ሻሽን እየሠራን ነው አልኳቸው። ፊታቸውን ወዳለንበት አዞሩ።

"ከየት ጀመራችሁ?"

"ከላይ" አለች መኪያ።

"እንግዲያ ይስጠም። ፏፏቴ ከታች ነው የሚጀመረው። ውሃው የሚያርፍበት ሳይቆፈርለት ከላይ የሚለቀው ማነው?"

ግን እንዴት ያሳዩን? ስክሪኑን አያዩትም፣ ቢያዩትም አይነኩትም። ዘዴውን ያመጣችው መኪያ ናት። መደርደሪያው ሥር ከነበረው ካርቶን ቢጫ የልብስ ሳሙና እያወጣች አልጋቸው ጫፍ ላይ ደረደረች፤ "አባባ፣ አንዱ ሳሙና አንድ ድንጋይ ነው እንበል" አለቻቸው። አባባ በጣታቸው ዳሰሱ። ወዲያው ግድግዳ ያህል ቀጥ ያለውን ክምር በመዳፋቸው ገፍተው ናዱት። "ይህ ገደል አይደለም፣ የመስጊድ ግድግዳ ነው" አሉና እግራቸውን አውርደው ተቀመጡ። ያን ቀን ምሳቸውን ጠርገው በሉ።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ያ ሆነ። አባባ በሳሙና ይሠራሉ፣ መኪያ ወደ ስክሪኑ ትገለብጣለች፣ እኔ በመሃል እየተመላለስኩ "እዚህ ጋ አንድ ወጣ፣ እዚያ ጋ ሁለት ገባ" እላለሁ። መጀመሪያ ውሃው የሚያርፍበትን ጉድጓድ አስቆፈሩን። ከጉድጓዱ ወንዙን፣ ከወንዙ መሻገሪያውን። ዋርካዋ እንድትተከል አዘዙ፤ ለምን እንደሆነ አልገባንም ነበር። ሲጨርሱ "አሁን ያ ጌም ውስጥ የምትነጂው ሰውየሽ ከዋርካዋ ሥር ይቁምና ቀና ይበል። የምትሠሩት እሱ ለሚያየው ነው። ለተራራው አይደለም የምትሠሩት፣ ተራራ ዓይን የለውም" አሉ። መኪያ ፏፏቴዋን ያዞረችው ወደ ኋላ ኖሯል፤ ከቤቷም ከመንገዷም አይታይም ነበር። ጀርባዋን ሰጥታን እየተነጫነጨች አፈረሰችው።

ገደሉ ደረጃ ደረጃ እንዳለው፣ ውሃው በየደረጃው እንደሚሰበርና ነጩም ከስብራቱ እንደሚመጣ ያወቅሁት ከሳሙናው ነው። ሁልጊዜ አየው የነበረውን ሻሽን ያን ክረምት ነው በደንብ ያየሁት፣ ያውም በሌለበት። የአባባ ጣት ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ አልጋቸው ሳሙና ይሸታል፣ ሲሰግዱ ምንጣፋቸው ሳሙና ይሸታል። አክስቴ "አባዬ፣ እኔኮ ለመሸጥ ነው ያመጣሁት፤ ተዳስሶ ተዳስሶ ጽሑፉ ጠፍቷል" ትላለች። እሳቸው "ሲታጠቡበትስ ይጠፋ የለም?" ይላሉ። ኋላ ዓይናቸው ታክሞ ስክሪኑን ሲያሳዩዋቸው ቀረብ ብለው ብዙ አዩና "ሳሙናው ይሻል ነበር" ነው ያሉት።

አንድ ቀን መኪያ የጌሙን ሰውዬ ይዛ እስከማታውቀው አገር ሄደች። የሰፈሩ ልጆች ከኋላችን ተደርድረው ትንፋሻቸው ይሰማል። ፀሐይዋ መጥለቅ ስትጀምር ዞር አለች። በዛፎቹ ላይ ከሩቅ አንዲት ቀጭን ነጭ ታየች። መኪያ ወደ ነጯ ሮጠች፣ ሮጠች፣ ጅኖቹ ሲወጡ በሯን ዘግታለች። ልጆቹ አጨበጨቡ። አባባም ምን እንደሆነ ሳያዩ "ገባች?" ብለው ጠየቁ፤ "ገባች" ብንላቸው "ኧረ ሸጋ" አሉ።

እኔ ግን አልረካሁም፤ ስክሪኑ ላይ አፍንጫው አልነበረም። በሳሙናው ላይ አለ። ሌላው ሁሉ ቢጫ ስለሆነ አባባ "አፍንጫው ለእጄ ይለይልኝ" ሲሉ፣ መደርደሪያ ላይ ዓመት የከረመ አንድ ጥቁር ሳሙና ነበር፣ የእከክ ሳሙና። የገዛ ሰው እከክ አለበት ስለሚባል የሚገዛው ጠፍቶ አቧራ ለብሷል። እሱን ገደሉ ወገብ ላይ አስቀመጥን። ስክሪኑ ላይ ግን መኪያ እምቢ አለች፤ ነጩን ያበላሸዋል፣ ሙሉ ሲሆን ነው የሚያምረው አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፤ ኮምፒውተሩ የሷ ነው። ለምን ያን ያህል እንደፈለግኩት አልነገርኳትም። በኔ ሐሳብ አባቴ በየጁምዓው የሚለው ግልጽ ነው፤ አፍንጫው ካልወጣ እናቴ አትመጣም። እዚያ አልወጣም። እዚህ ካወጣነውስ? በስክሪኑ ባይሆን በሳሙናው ወጥቷል። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ካለ፣ ትመጣለች ማለት ነው።

እንግዲህ ጁምዓ ነው። ከሐይቁ ስመለስ የሳሙናው ገደል ወገቡ ላይ ጎድጓዳ ሆኗል። አፍንጫው የለም።

"ተሸጠ" አለች አክስቴ፤ ደስታዋን ብታዩ! "ዓመት የከረመውን! እማማ ወርቄ ወሰዱት።"

እማማ ወርቄ ጎረቤታችን ናቸው፤ የፍልሰታ ጾም ስለነበር ልብሳቸውን አጥበው ነጭ በነጭ ለብሰው ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት። ወጥቼ ሮጥኩ። አስፋልቱን ተሻግረው ከሴቶች ጋር ቆመው ሲያወሩ አየኋቸው። እኔም ከሩቁ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር፣ "እማማ ወርቄ! የእከክ ሳሙናውን ይመልሱልን!" ብዬ ጮህኩ።

ወሬው ቆመ። ሴቶቹ አንድ እርምጃ ራቅ ሲሉ አይቻለሁ። እማማ ወርቄ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው መዳፌ ላይ ጣል አደረጉትና "ለጎረቤት ነው የገዛሁት፣ አንቺ ቀዥቃዣ! ለጎረቤት!" አሉ። የሚጠጉት ጎረቤት ደግሞ እኛ ብቻ ነን።

ሳሙናውን በሁለት እጄ ይዤ ስገባ አክስቴ ልትገርፈኝ ተነሳች። አባባ በትራቸውን በመካከላችን ዘረጉና ወደሳቸው አስጠጉኝ።

"ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?"

"አፍንጫው ከተሸጠ እናቴ አትመጣማ።"

አክስቴ እጇን አወረደች። አባባ በጣታቸው ፈልገው እጄን አገኙ፣ ከእጄ ውስጥ ሳሙናውን አገኙ፣ ግን አልወሰዱብኝም።

"ሐዋዬ" አሉ በቀስታ፤ "አፍንጫው ሰው አይጠራም። ሰው ነው እሱን የሚያየው።"

እኔ አልገባኝም። ማልቀሴን ቀጠልኩ። መኪያ ልታስረሳኝ ይመስለኛል፣ ሥራ እንድንጀምር ብላ "አባባ፣ የቀረን አናቱ ብቻ ነው። ከታች ጀምረን ደርሰናል። ከላይ፣ ውሃው ከመውደቁ በፊት ስንት ሳሙና ይሰፋል?" አለቻቸው።

"ከላይ?" አሉ። እጃቸው በሳሙናው ገደል ላይ ወጣ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ጎድጓዳውን አልፎ እስከ አናቱ። እዚያ ቆመ። "ከላይማ አንድ ነው። ፍየል የምንጠብቅ ልጆች ሳለን እየዘለልን..."

አልጨረሱትም። ጣታቸው አንዷ ሳሙና ላይ እንዳለ ፊታቸው ሌላ ሆነ። እኔ የተቆጡኝ መስሎኝ ማልቀሴን ዋጥኩ።

በላይ በኩል መንገድ እንዳለ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ቀን ሙሉ አቀበት ነው፤ ዞሮ ዞሮ በሌላ ቀበሌ ነው የሚወጣው። ያረገዘች ሴት በዚያ ትሄዳለች ብሎ ያሰበ የለም። ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ አፍንጫውን ነበር የሚጠብቅ፤ እናቴም የአባቷን ቃል ይዛ፣ አባቴም የአማቱን ቃል ይዞ።

ስልኩ ሲጮህ አክስቴ ልታነሳ ስትል አባባ እጃቸውን ዘረጉ። ስልክ አይወዱም ነበር፤ ገልብጠው ነው የያዙት፤ መኪያ አቃናችላቸው። አባቴ ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ "አሕመድ፣ አፍንጫውን ተወው" አሉት።

አባቴ ከወዲያ፣ "ምን አሉኝ?" አለ።

"ፋጡማን በበቅሎ አድርግና በላይ አውጣት። ከሻሽ አናት በላይ ውሃው ክንድ አይሞላም። ሰው ይዘህ፣ ቀስ ብለህ፣ ነገ።"

አባቴ ስለ አቀበቱ የሆነ ነገር አለ። አባባ፣ "አቀበት ያደክማል እንጂ አይወስድም" አሉ። ስልኩን ለአክስቴ መልሰው ሰጡ። ያን ያህል ዘመን የጠበቁትን ቃል በገዛ አፋቸው የሻሩት ያን ቀን መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው። ያኔ ያየሁት አሮጌ ሰው ግድግዳውን ትቶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ሲተኛ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ሥራ የሚባል አልነበረም። አክስቴ አንዱን ሻማ አሥር ጊዜ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። አባባ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዝናቡ ሲበረታ እኔ የሐይቁን ስሌት ረሳሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው "ያ ረቢ" አልኩ። መኪያ ኮምፒውተሩን ከፍታ አንድ ነገር ስታደርግ ቆየችና "ነይ እዪ" አለችኝ። በነጩ መካከል አንድ ጥቁር ድንጋይ አስቀምጣለች። ውሃው ከላይ አንድ ሆኖ ይመጣል፣ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። "ያምራል እኮ" አለች፤ እንዲህ ማለት አትወድም ነበር።

መሸ፤ አልመጡም። ሳሙናውን አቅፌ ተኛሁ።

በበነጋው ረፋድ ላይ ከውጫሌ የመጣ ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ረዳቱ መጀመሪያ ጥቁር ጃንጥላ አወረደ፣ ቀጥሎ እቃ፣ ቀጥሎ አባቴን። ከአባቴ ትከሻ ላይ አንድ እጅ ነበር። እጁን አውቀዋለሁ።

እናቴ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። ሆዷ ጃንጥላው የሚያህል መስሎ ታየኝ። እኔ ስሮጥባት መዳፏን አንስታ "ቆይ ቆይ ዓለሜ፣ ከነጭቃዬ አትንኪኝ፤ መጀመሪያ ውሃና ሳሙና" አለች፤ እንዲያ ብላም ጭቃውን እንዳለ አቀፈችኝ። ብዙም ሳትቆይ ጤና ጣቢያው ውስጥ እህቴን በሰላም ወለደቻት፤ እሷ ዛሬ ከኔ ትረዝማለች። ያን ግን ገና አላወቅንም። ያወቅነው መምጣቷን ብቻ ነው፤ እሱም በቂ ነበር።

የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ እንባዋ ዓይኗን ጋርዷት፣ ወደ ውስጥ እጇን ሰድዳ አልጋው ላይ ያገኘችውን አንስታ አቀበለቻት። ጥቁሩ ነበር። "እሱን አይደለም" ልል አፌን ከፈትኩ፤ እናቴን አየኋት፣ አፌን ዘጋሁ። ጆጉን አንስቼ ውሃ አፈሰስኩላት። የእከክ ሳሙና ያን ያህል አረፋ ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አባባ ይመር በትራቸውን እየደሰቁ በር ላይ ደረሱ። ድምፅዋን ፈልገው አጠገቧ ተቀመጡና ራሷን ዳሰሱ። ቀጥለውም፣ "ከላይ ውሃው ስንት ሆኖ አገኘሽው?" አሏት።

"አልለካሁትም አባዬ። በቅሎዋ ስትራመደው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

አባባ ሳቁ። ያን ክረምት ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ፣ የማያዩት ዓይኖቻቸው እስኪያለቅሱ። አክስቴም ሳቀች፣ አባቴም ቆሞ በነበረበት። እኔ ውሃውን ማፍሰሴን አልተውኩም። አረፋው ከእናቴ ጉልበት ነጭ ሆኖ ወረደ፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እየተሰበረ ወረደ፣ ታች እግሯ ከቆመበት ሲደርስ ተረከዟን በግራና በቀኝ ለሁለት ተከፍሎ አለፈ።